ዩኒቨርሲቲ ተገብቶ እንግሊዝኛን ከ‹አይ አም› መጀመር ነውር ነው እንዴ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንግሊዝኛው ገና መሠረቱ ያልቆመ ተማሪ። ሌሎቹን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ዛሬ እነዚህን ብቻ ልመልስ። እኔም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ስላሳለፍኩ ጉዳዩ ከልቤ የማይወጣ ጉዳይ ነው፣ ከረዘመባችሁ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ሴሚስተሬ ነው። ኮርሱ ፓራግራፍ፣ ኤሴይ፣ ፕሬዘንቴሽን ምናምን ይላል፣ ክፍል ስገባ ግን ከ60 ተማሪ ግማሹ አንድ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር አይጽፍም። ‹ማይ ፋዘር ሂ ኢዝ ቲቸር› ብሎ የሚጽፍን ልጅ እንዴት አርጌ ነው ኤሴይ የማስጽፈው? ወደ ታች ወርጄ ‹አም፣ ኢዝ፣ አር› ላስተምር ብል ደግሞ እንደ ስድብ ነው የሚያዩት፣ አንዱ ልጅማ ‹ይሄን እኮ አራተኛ ክፍል ተምረነዋል› ብሎኛል፣ እውነቱን ነው ተምሮታል፣ ግን አያውቀውም። ዲፓርትመንቱ ደግሞ ኮርሱን ሸፍን ይለኛል። ምን ላርግ? (ግራ የገባው መምህር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ‹ተምሮታል ግን አያውቀውም› ያልካት ነገር ላይ ብዙ ቆየሁ፣ ምክንያቱም ችግሩ በሙሉ እዛች ውስጥ ነው ያለው። ልጁ አልዋሸህም። ‹ሺ ጎ› እና ‹ሺ ጎዝ› ብለህ ምርጫ ብታቀርብለት ትክክሉን ይመርጥልሃል፣ ለዓመታት ሲፈተን የኖረው እንደዛ ነዋ፣ አራት መልስ ቀርቦለት አንዱን መምረጥ። የተጻፈን መልስ መለየትና ከራስ አውጥቶ መናገር ግን ለየቅል ናቸው። ስለዚ ሰሌዳ ላይ ሠንጠረዥ ሰርተህ ‹አም፣ ኢዝ፣ አር›ን እንደ አዲስ ብታስተምረው ቅር ቢለው አይፈረድበትም፣ ደግሞም ብዙ አይጠቅመውም፣ ሠንጠረዡንማ በቃሉ ይወጣዋል። የጎደለው መጠቀም ነው፣ እሱን ደግሞ እድሉን የሰጠው ሰው የለም።

እኔ ብዙ ተሳስቼ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ቋንቋውን አቅልል፣ ሐሳቡን ግን አታቅልል። በጀመርኩ ሰሞን ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከሕፃናት መጽሐፍ ሥዕል ይዤ ገባሁ፣ ድመት ጠረጴዛ ላይ፣ ኳስ ጠረጴዛ ሥር፣ ‹ዘ ካት ኢዝ ኦን ዘ ቴብል› በሉ አልኩ። ክፍሉ በሙሉ አቀረቀረ። ኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው፣ ያቺ የወረቀት መታጠፍ እስካሁን ትታየኛለች። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ግራመር ይዤ ጥያቄውን ቀየርኩት፣ ‹ውሃ ተራራ አናት ላይ ለምን ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል?› አልኩ። ለአምስት ሳምንት አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ ተነስቶ ሰሌዳው ጋ መጣ፣ ተራራ ሣለ፣ ቀስት አሰመረ፣ ከዛ ‹ኤር... ፕሬሸር ሎው። ዋተር ቦይል ሎው ቴምፕሬቸር› አለ። የሚያውቀውን ሳይንስ በያዛት አምስት ስድስት ቃል ገፍቶ ገፍቶ አወጣው። እኔ ያለውን ሳልቀይር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩትና በየመሀሉ ባዶ ቦታ ተውኩ፣ ‹ዘ ፕሬሸር› ብዬ ክፍት፣ ‹ሎው›፣ ‹ዘ ዋተር ቦይል› ብዬ ክፍት። ጠመኔውን ተቀበለኝና መጀመሪያ ‹ኢዝ›ን ሞላ፣ ትንሽ አሰበና ደግሞ ‹ቦይል› ላይ ‹ስ› ጨመረ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም ይሄ የአራተኛ ክፍል ነው አላለም። ፊትህ የተቀመጠው ልጅ እንግሊዝኛው የጀማሪ ይሁን እንጂ አእምሮው የ19 ዓመት ሰው አእምሮ ነው፣ ያንን ካከበርክለት ‹ኢዝ›ን ደግሞ ደጋግሞ ቢማር ግድ የለውም።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። የመጀመሪያውን ሳምንት ማስተማር ሳይሆን ማወቂያ አድርገው። አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር በቃል እያነበብክ አስጽፋቸው፣ ‹ትናንት ምን ስትሠሩ ዋላችሁ› ብለህ አሥር ደቂቃ ያለ ማርክ አስጽፋቸው፣ ከዛ አንድ የ100 ቃል ጽሑፍ ስጥና የማያውቁትን ቃል እንዲያሰምሩ ንገራቸው። ይሄ የመጨረሻው ብዙ ይነግርሃል። የቃላት ተመራማሪው ፖል ኔሽንና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት አንድ ሰው ያለ እርዳታ በደንብ ለመረዳት ከሚያነበው ቃል 98 ፐርሰንቱን ማወቅ አለበት፣ ማለትም ከመቶው ቢበዛ ሁለት ቃል ነው የማያውቀው መሆን ያለበት። ልጁ ከመቶው ሃያ አምስቱን ካሰመረ ያን ጽሑፍ እያነበበ ሳይሆን እየፈታ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ ‹ዋናውን ሐሳብ አውጣ› ብትለው ጭቅጭቅ ብቻ ነው ትርፉ።

የቃሉን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ አትበትነው። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያዘጋጀው ዝርዝር ወደ 2,000 የሚሆኑ በብዛት የሚመላለሱ ቃላት አሉት፣ እነሱ ብቻ ከተራ ጽሑፍ ሰማንያ ፐርሰንት ገደማ ይሸፍናሉ። በእነሱ ላይ አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ፣ 570 የቃል ቤተሰብ (ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት እንደ አንድ ተቆጥረው) ብቻ ነው ግን ከዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ አሥር ፐርሰንት የሚሆነውን ይይዛል፣ ‹አናላይዝ›፣ ‹ዲፋይን›፣ ‹ፋክተር›፣ ‹ሲግኒፊካንት› የሚሉት ዓይነት። ስለዚ ልጁ አንዴ ብቻ የሚያጋጥመውን ከባድ ቃል እያሳደድክ ሰሌዳ አትሙላ፣ መጀመሪያ ሁለቱ ሺህ ይጠንክሩ፣ ጎን ለጎን ከ570ው በሳምንት አሥር አሥር ብታስገባ ይበቃሃል።

ኮርሱን ሸፍን ለሚሉህ ደግሞ እምቢ አትበል፣ ከሥሩ አስገባው። ለምሳሌ እኔ በጣም የምወደው የትርጉም ዓረፍተ ነገር ነው፣ ‹ኤ ቴርሞሜትር ኢዝ አን ኢንስትሩመንት ዛት ሜዠርስ ቴምፕሬቸር›። ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር እይልኝ፣ ‹ኢዝ› አለ፣ ‹ኤ› እና ‹አን› አሉ፣ የሦስተኛ መደቡ ‹ስ› አለ፣ ‹ዛት› ደግሞ አማርኛ ተናጋሪን ሁሌ የሚያሰናክለውን ነገር ይዛለች፣ እኛ ‹ሙቀት የሚለካ መሣሪያ› ስንል ገላጩ ይቀድማል፣ እንግሊዝኛው መሣሪያውን አስቀድሞ ገላጩን ከኋላ ያስከትላል። ያንን መገልበጥ አንዴ ካዩት በሰፊው ይገባቸዋል። ዲፓርትመንትህ ፓራግራፍ ነው ያስተማርከው ይላል፣ ምክንያቱም የትርጉም ፓራግራፍ ኮርሱ ውስጥ አለ፣ ልጁም ስድብ አይሆንበትም፣ ምክንያቱም ነገ በባዮሎጂውም በአካውንቲንጉም ፈተና ‹ዲፋይን› የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንተ ግን በውስጥ መሠረቱን እየጣልክ ነው። ሁለት ነገር የሚያወዳድር ፓራግራፍ ‹ሃየር ዛን፣ ሎወር ዛን› ያስተምርልሃል፣ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ፓራግራፍ ደግሞ ‹ኢዝ ሂትድ፣ ኢዝ ሚክስድ› የሚለውን።

60 ተማሪ ይዘህ ሁሉም እንዲናገር ከፈለግክ በጥንድ አድርጋቸው። አንዱ ስለሚያውቀው ነገር ለጓደኛው አራት ደቂቃ ይናገር፣ ከዛ ጓደኛ ቀይሮ ያንኑ በሦስት ደቂቃ፣ ደግሞ ቀይሮ በሁለት ደቂቃ። ኪት ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አፋቸው ሲፈታ በዓይንህ ታየዋለህ፣ ክፍሉ ይንጫጫል፣ ይንጫጫ።

አንድ ነገር ግን ቁጭ ብለህ አስላልኝ። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የቋንቋ ደረጃ፣ ከጀማሪው ኤ1 እስከ ከፍተኛው ሲ2 በሚሄደው ማለቴ ነው፣ ተማሪህ ኤ2 አካባቢ ነው እንበል። ከኤ2 ወደ ቢ1 ለማለፍ የእንግሊዝኛ ፈተና አዘጋጁ ካምብሪጅ የሚገምተው ወደ 200 የሚጠጋ የትምህርት ሰዓት ነው። የአንተ ኮርስ በሳምንት ሦስት ሰዓት ቢሆን በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው። አየህ? በዚህ ሴሚስተር ‹አላሻሻልኳቸውም› ብለህ ራስህን አትውቀስ፣ ሰዓቱ ራሱ አይበቃም። የሚበቃው ከክፍል ውጪ ሲያነቡ ነው፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ቀላል መጽሐፍ ቢያነቡ በነዚሁ 16 ሳምንታት ሌላ 56 ሰዓት ታገኛለህ፣ ኮርስህ ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚ ማርክ ካለህ ጥቂቱን ለንባብ መድብ፣ በደረጃ የተዘጋጁ አጫጭር መጽሐፎችን እየተዋዋሱ እንዲያነቡ አድርግ፣ በየሳምንቱ ስላነበቡት ለጥንዳቸው ይንገሩ፣ ፈተና ግን አታድርገው።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር እንደምን ኖት? የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በሌላው ትምህርት ደህና ነኝ እንግሊዝኛ ላይ ግን በጣም ደካማ ነኝ። ሌክቸር ላይ ሰሌዳው ላይ ያለውን እገለብጣለሁ እንጂ የሚያወሩትን ግማሹን አልሰማውም፣ ቃሉን ተጽፎ ሳየው አውቀዋለሁ ሲናገሩት ግን ያልፈኛል። ጥያቄ ሲጠየቅም መልሱን እያወኩት ዝም እላለሁ። አንዴ ፕሬዘንቴሽን ላይ አንድ ቃል አበላሽቼ ተሳቀብኝ፣ ከዛ ወዲህ እጄን አውጥቼ አላውቅም። የግራመር መጽሐፍ ገዝቼ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ አቁሜዋለሁ። ለኔ ጊዜው አልፏል ወይስ ተስፋ አለኝ? (ዝምተኛዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጊዜው አላለፈም፣ ይሄን ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምልሽ። ካትሪን ስኖውና ሆፍናግል ሆህለ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት ኔዘርላንድ የሄዱ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሆላንድኛ ሲለምዱ ተከታትለው ነበር፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጥነው የሄዱት ትንንሾቹ ልጆች ሳይሆኑ አዋቂዎቹና ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉት ናቸው። ልጆች በረጅሙ በአነጋገር ቃና ይበልጡን ይሆናል፣ አንቺ ግን ቃና አይደለም የቸገረሽ፣ መስማትና መናገር ነው፣ ለሱ ደግሞ የሰው ልጅ በ20 ዓመቱ የተሻለ የማሰብ አቅም አለው።

ሳየው አውቀዋለሁ ሲናገሩት ያልፈኛል ያልሽው በጣም የተለመደ ነው። ምክንያቱን በአማርኛችን ላሳይሽ። ‹አለ› የሚለውን ቃል ላልቶ ብታነቢው ‹ተናገረ› ነው፣ ጠብቆ ብታነቢው ‹ይገኛል› ነው፣ ፊደሉ ግን ልዩነቱን አያሳይሽም፣ አንቺ ከልጅነትሽ ስለሰማሽው ነው ሳትቸገሪ የምትለዪው። እንግሊዝኛም የማይጻፍ ነገር አለው፣ ከአንድ ቃል ውስጥ አንዱ ቦታ ላይ ጉልበት ይጣልና ሌላው ይዋጣል። ‹ፎቶግራፍ› ሲሉ ጉልበቱ መጀመሪያው ላይ ነው፣ ሙያተኛውን ሲጠሩት ግን ‹ፈቶግረፈር› ብለው ጉልበቱን ‹ቶ› ላይ ያደርጉታል፣ አንቺ ‹ፎቶግራፈር› ብለሽ ከወረቀት ስለያዝሽው ጆሮሽ ላይ ሌላ ቃል ይሆናል። በዛ ላይ 26 ፊደል ይዘው 44 አካባቢ ድምፅ ነው የሚያሰሙበት፣ የኛ ፊደል ከመጥበቅና መላላቱ በቀር እንዳየሽው ይነበባል፣ የነሱ አይነበብም። እና የጆሮ ሥራ ለብቻው መሠራት አለበት፣ ግራመር መጽሐፍ ይሄን አያደርግልሽም፣ ሁለቴ ያቆምሽውም ለዛ ይሆናል።

እንዲህ አርጊ። ጽሑፉ አብሮት ያለ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ፈልጊ፣ ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ። ጽሑፉን ሳታዪ ሁለቴ ስሚና የሰማሽውን ቃል በቃል ጻፊ፣ ባዶ ቢበዛም አይክፋሽ። ከዛ ጽሑፉን አውጪና ያመለጠሽን በሌላ ቀለም ሙዪ፣ ያን ጊዜ ‹እንዴ ይሄንንማ አውቀዋለሁ!› የምትይባቸው ቦታዎች ብዙ ይሆናሉ፣ ትምህርቱ እነሱ ጋ ነው ያለው። አሁን ጽሑፉን እያየሽ ስሚ፣ አብረሽ ጮክ ብለሽ በይ። ያንኑ ድምፅ ሦስት ቀን ተመላለሽበት፣ በየቀኑ አዲስ አትፈልጊ።

ለመናገሩ ደግሞ በስልክሽ ራስሽን ቅረጪ። ዛሬ በዲፓርትመንትሽ የተማርሽውን አንድ ነገር ለሦስት ደቂቃ አስረጂ፣ ስትደናቀፊ አትመለሺ፣ ከዛ ያንኑ በሁለት ደቂቃ ድገሚው። ሰው የለም፣ የሚስቅ የለም። በቃልሽ የምትይዣቸው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችም ይኑሩሽ፣ ‹ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን ፕሊስ›፣ ‹አይ ቲንክ ዚ አንሰር ኢዝ›፣ ‹አይ አም ኖት ሹር በት› የሚሉት፣ ክፍል ውስጥ ልብሽ ሲመታ አፍሽ ራሱ ያወጣቸዋል፣ ከነሱ በኋላ አንድ ቃል ብቻ ብትጨምሪም መልስ ሰጥተሻል። መጀመሪያ ቀን መልስ ለመመለስ አትሞክሪ፣ ‹ሴይ ዛት አጌን›ን ብቻ በይና ተቀመጪ።

ቃል ስትይዢ ቃሉን ብቻ ከትርጉሙ ጋር አትጻፊ፣ ያገኘሽበትን ዓረፍተ ነገር ሙሉውን ጻፊ። ጀርመናዊው የማስታወስ ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው የተማርነው አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው የሚጠፋው፣ ስለዚ ነገ አንዴ እዪው፣ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ። በአንድ ሌሊት ሃምሳ ጊዜ ከመጻፍ በተለያየ ቀን አራቴ ማየት ይበልጣል።

የሳቁብሽን ነገር ቀለል አላደርገውም፣ ያማል። ያበላሸሽው አንድ ቃል ነው፣ እሱም መድረክ ላይ ለመቆም ስለደፈርሽ ነው። አጠገብሽ ከምትቀመጠው አንድ ጓደኛሽ ጋር ተስማሚና በቀን አሥር ደቂቃ በእንግሊዝኛ ብቻ አውሩ፣ ሁለታችሁም ብትሳሳቱ ግድ የለም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። እንግሊዝኛ ማስተማር የጀመርኩት ከብዙ ዓመት በፊት ነው። የተማሪ ጽሑፍ ሳርም አንድም ስህተት አላልፍም፣ ወረቀቱ በቀይ ይሞላል። ተማሪው ማርኩን ብቻ አይቶ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል፣ በሚቀጥለው ያው ስህተት ይመጣል። አሁን ደግሞ በስልክ ተጽፎ የሚመጣ እንከን የለሽ ወረቀት በዛ፣ ፊት ለፊት ስጠይቀው አንዱንም አያስረዳኝም። ድካሜ ከንቱ ሆነብኝ። (አንጋፋ መምህር)

መልስ፦ ድካምዎ ይገባኛል መምህር፣ 80 ወረቀት አርሞ የሚነጋበት ሌሊት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። እርማት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው ትልቅ ክርክር ነው፣ የቋንቋ ተመራማሪው ጆን ትራስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 የግራመር እርማት ጨርሶ ይቅር ብሎ ጻፈ፣ ዴና ፌሪስ እ.ኤ.አ. በ1999 ተመርጦና ግልጽ ሆኖ ከተሠራ ይጠቅማል ብላ መለሰችለት። እኔ ከፌሪስ ጋር ነኝ፣ ተመርጦ የሚለው ላይ ግን እጸናለሁ። ተማሪው ሠላሳ ቀይ ምልክት ሲያይ የሚያነበው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ ‹አልችልም› የሚል።

ስህተቱን መጀመሪያ ቁጭ ብለው ያንብቡት። የቋንቋ ሊቁ ፒት ኮርደር እ.ኤ.አ. በ1967 ያለው ዋና ነገር ይሄ ነው፣ ስህተት ተማሪው የደረሰበትን ቦታ ያሳያል። ‹ቱ ቡክ› የሚለው ልጅ እኛ ‹ሁለት መጽሐፍ› ስለምንል ነው። ‹ኦፕን ዘ ቲቪ› የሚለው ‹ቲቪ ክፈት› ስለምንል ነው። ‹ሂ ጎዝ› እና ‹ሂ ዊል ጎ› የሚቀላቀሉበት ደግሞ አማርኛው ‹ይሄዳል› ለዘወትሩም ለነገውም ስለሚያገለግል ነው፣ ይሄኛው በቀይ መስመር አይድንም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ‹የትኛው ይሄዳል ነው?› ብሎ መጠየቅ ይፈልጋል። ያቺ የሦስተኛ መደብ ‹ስ› ደግሞ ሕጓ በአንድ ደቂቃ የሚነገር ሆና አፍ ላይ የምትደርሰው በጣም ዘግይታ ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ አፉን የፈታ ተማሪ ላይ ትዘገያለች፣ እሷ ስለቀረች ልጁ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም።

ስለዚ ለሁለት ሳምንት አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ይምረጡና ለክፍሉ አስቀድመው ይንገሩ፣ ‹አሁን የማየው ያለፈ ጊዜ ግሥ ብቻ ነው› ብለው። ስህተቱ ያለበት መስመር ጫፍ ላይ ነጥብ ያድርጉ እንጂ አያርሙለት፣ ራሱ ፈልጎ ያግኘው፣ ማርኩንም ካረመ በኋላ ይስጡት። እርስዎም በጊዜ ይተኛሉ።

ስልኩን በተመለከተ መከልከሉ አያዋጣም ብዬ ነው የማምነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ክፍል ውስጥ በእጅ፣ በሃያ ደቂቃ ያስጽፉና ሰብስበው ይያዙት። ከዛ ቤቱ ሄዶ ያንኑ በስልክ ያሠራው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አምጥቶ ‹ስልኩ ከቀየራቸው ሦስቱን ምረጥና ለምን እንደቀየረ አስረዳ› ይበሉት። ማርኩ ለማስረዳቱ ይሁን። ያኔ የራሱ ድሃ ዓረፍተ ነገር ዋጋ ያገኛል፣ ምክንያቱም እሷ ከሌለች የሚያወዳድረው ነገር የለውም።

ጥያቄ፦ እኔ እንኳን የእንግሊዝኛ መምህር አይደለሁም፣ ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ መሆን አለበት ይባላል ግን ተማሪዎቼ ዓይናቸው ሲፈዝ ስለማይ ወደ አማርኛ እገባለሁ፣ ከዛ ፈተናው በእንግሊዝኛ ሲመጣ ይወድቃሉ። ጥፋተኛው እኔ ነኝ? ቋንቋ ማስተማርስ የኔ ሥራ ነው? (አንድ የፊዚክስ መምህር)

መልስ፦ አማርኛ መጠቀሙ ጥፋት አይደለም፣ ሐሳቡ በሚገባቸው ቋንቋ ይግባቸው። ችግሩ የሚመጣው አማርኛ ላይ ገብተው ሳይመለሱ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ነው። በአማርኛ ሲያስረዱ ዋናዋ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ተጽፋ ትቆይ፣ አስረድተው ሲጨርሱ ወደሷ ይመለሱና ተማሪዎቹ ጮክ ብለው ያንብቧት። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ግን በሁለቱም ቋንቋ አይድገሙት፣ አማርኛው እንደሚከተል ካወቁ እንግሊዝኛውን መስማት ይተዋሉ።

ሥራዎ ነው ወይ ላሉት፣ ከፊሉ ከእርስዎ በቀር ማንም አይችለውም። ‹ወርክ› የሚለውን ቃል እኔ ሳስተምር ‹ሥራ› ነው ብዬ አልፋለሁ። እርስዎ ጋ ሲመጣ ግን ከባድ ሻንጣ ይዞ አንድ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሰው ሻንጣው ላይ የሠራው ‹ወርክ› ዜሮ ነው፣ ልጁ ላቡ እየፈሰሰ ዜሮ ሲባል የሚደናገረው ፊዚክሱ ከብዶት ላይሆን ይችላል፣ ቃሉን በኔ ትርጉም ይዞት ነው። ‹ፓወር›ም፣ ‹ስቴት›ም፣ ‹ፊልድ›ም እንደዛው፣ ከቤት የሚታወቁ ቃላት ሆነው ክፍልዎ ውስጥ ሌላ ትርጉም አላቸው። ከእያንዳንዱ ሌክቸር በፊት እንዲህ ያሉትን አምስት ስድስት ቃላት ሰሌዳ ጥግ ላይ ጽፈው ሁለት ደቂቃ ብቻ ይስጧቸው፣ ሲጨርሱ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ከነሱ በአንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ አስረክቦ ይውጣ። ማረም የለብዎትም፣ ሃያውን አንስተው ሲያነቡ ፊዚክሱ የቱ ጋ እንደጠፋባቸው እንግሊዝኛው የቱ ጋ እንደጠፋባቸው ለይቶ ይታይዎታል፣ የሚቀጥለውን ሌክቸር ከዛው ይጀምሩ።